የመልክዐ ምድርን ሥዕል ስለ ማየትና ለቤት ስለ መሰብሰብ

ክቡራን አንባቢዎቻችን ወደ ዘመድና ወደ ወዳጅ ቤት ለጥየቃ በሄዱ ጊዜ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ነገር አስተውለው ያውቃሉን? ከቅዱሳን ሥዕልና ከሠርግ ፎቶግራፍ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በማተሚያ መኪና የተባዛ የውጭ አገር ገጽታ ነው፤ ይኸውም በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከግርጌው የእንጨት ቤት፣ በፊቱም ሰማያዊ ሐይቅ ያለበት ነው። ከቤቱ ሰዎች አንዱም እንኳ ያን ተራራ በዓይኑ አላየውም። ከደጃፍ ወጥተው ወደ ምዕራብ ቢመለከቱ ግን ወጨጫ ቆሟል። የሰው አገር ተራራ በቤት አይሰቀል አንልም፤ ውበት ያለው ነገር ከወዴትም ቢመጣ ውበት ነው። ነገር ግን ባለቤቱ የገዛ አገሩን ተራራ በግድግዳው ላይ ለማየት አስቦ የማያውቅ ከሆነ፣ ይህ ስለ ሥዕል ያለን አስተያየት ገና ብዙ እንደሚቀረው ያስረዳል።

ይህን ጉዳይ ስንጽፍ የብሥራተ ገብርኤልን ሰፈር መነሻ አድርገናል። አስቀድሞ ይህ አገር የከተማው ዳር ነበረ። የቦሌው ጣቢያ ከመከፈቱ በፊት አይሮፕላን ያርፍ የነበረው በልደታው ሜዳ ስለ ሆነ፣ አካባቢው እስከ ዛሬ ድረስ «አሮጌው አይሮፕላን ማረፊያ» እየተባለ ይጠራል። አይሮፕላን የሚያርፍበት ቦታ ሰፊና ገላጣ መሆን እንዳለበት የታወቀ ነው። ዛሬ ግን በዚያ ገላጣ ስፍራ ዙሪያ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርቧል፤ ፉሪንና ወጨጫን ለማየት የሚፈልግ ሰው በሕንፃና በሕንፃ መካከል ቀዳዳ መፈለግ አለበት። ሜዳው ሜዳ በነበረበት ዘመን አንድ ሠዓሊ ቁጭ ብሎ ሥሎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያ ሥዕል ምን ያህል የተወደደ በሆነ ነበር! የመልክዐ ምድር ሥዕል ከጌጥነቱ ሌላ ያለው ዋጋ ይህ ነው፤ ምድር ራሷ የማትጠብቀውን መልኳን ሸራው ይጠብቅላታል።

ሁለተኛው ምክንያታችን በዚሁ በብሥራተ ገብርኤል አካባቢ የሚገኘው «ቪላ አልፋ» የተባለው ቤት ነው። ይህን ቤት የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ራሳቸው ነድፈው ያሠሩት ሲሆን መኖሪያቸውም የሥዕል መሥሪያቸውም ነበረ፤ አሠራሩም የጎንደርን ግንብ ያስታውሳል። አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ፤ በፈረንጅ ቁጥር በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው ሳሉ ልባቸው ወደ ሥዕል አዘነበለ፤ በሎንዶን በታወቀው በስሌድ የሥዕል ትምህርት ቤትም ተማሩ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የመስተዋት ሥዕል የእርሳቸው ሥራ ነው። በ1964 በፈረንጅ ቁጥር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ፤ በሚያዝያ ወር 2004 ዓ.ም. ዐረፉ። እርግጥ አፈወርቅ ከሁሉ አስቀድመው የሰውና የታሪክ ሠዓሊ እንጂ የመልክዐ ምድር ሠዓሊ አይባሉም። ቢሆንም ከታወቁት ሥዕሎቻቸው አንዱን በመስቀል አበባ ስም መጥራታቸው የምድሪቱ ቀለም በዓይናቸው ውስጥ እንደ ነበረ ያመለክታል። ከሥራዎቻቸውም ብዙውን ሳይሸጡ በቤታቸው ውስጥ አኑረው ለጎብኚ ያሳዩ ስለ ነበር፣ ሥዕልን ሰብስቦ መጠበቅ ምን እንደ ሆነ ለሰፈሩም ለአገሩም በግብር አስተምረዋል።

አሁን ስለ ማየት እንናገር። «መልክዐ ምድር» የሚለው ቃል የምድር መልክ ማለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው ግን «መልክዕ» ሲባል በሰማ ጊዜ ሌላም ነገር ያስታውሳል። የቅዱሳንን መልክዕ የደረሱት ሊቃውንት ምስጋናቸውን ከስሙ መታሰቢያና ከራስ ጠጕር ጀምረው፣ በፊት፣ በዓይን፣ በከንፈር፣ በእጅ እያሉ፣ አንዱንም አካል ሳይዘሉ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳሉ። እኛም የመልክዐ ምድርን ሥዕል ማየት ለሚጀምር ሰው ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘንም። ከሰማይ ይጀምር፤ ወደ ሩቁ ተራራ ይውረድ፤ ከዚያ ወደ መካከለኛው ሜዳ፤ በመጨረሻም ከእግሩ ሥር ወዳለው ድንጋይና ሣር ይድረስ። በየደረጃውም ቆም ብሎ ይጠይቅ።

ሰማዩን በተመለከተ ጊዜ ፀሐይ በወዴት በኩል እንዳለች ይፈልግ። ሠዓሊው ፀሐይዋን ባይሥላትም እንኳ ጥላ ይናገራል። የዛፉ ጥላ ወደ ግራ፣ የቤቱ ጥላ ወደ ቀኝ የወደቀ እንደ ሆነ ሠዓሊው ቦታውን ሳያይ ከሁለት ፎቶግራፍ ገጣጥሞታል ማለት ይቻላል። ደግሞም የአገራችን ብርሃን የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለ ሆነች ፀሐይ በቀትር ከራስ በላይ ትቆማለች፤ ጥላም ከእግር ሥር ይሰበሰባል፤ የቀለሙም ልዩነት ይጠፋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠዓሊ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ይወጣል እንጂ በቀትር ሸራውን አይዘረጋም። የፈረንጅ አገር ፀሐይ ግን ዘንበል ብላ ስለምትሄድ ረጅም ጥላ ቀኑን ሙሉ ይገኛል። በቀትር ሰዓት የተሣለ የሸዋ ሜዳ ላይ የሆላንድን ረጅም ጥላ ያየ ሰው ነገሩ ከመጽሐፍ የተቀዳ መሆኑን ይጠርጥር።

ወደ ሩቁ ተራራ ስንመጣ የኢጣልያው ሊቅ ሌኦናርዶ ዳ ቪንቺ የጻፈውን ማስታወስ ይገባል። እርሱ እንዳስረዳው በእኛና በሩቁ ነገር መካከል ያለው አየር እየበዛ በሄደ መጠን ነገሩ ሰማያዊ እየመሰለና ጠርዙ እየደበዘዘ ይሄዳል። ይህ ሕግ በዓለም ሁሉ የሚሠራ ነው፤ ልኩ ግን በየአገሩ ይለያያል። በደጋችን፣ ያውም ክረምቱ አልፎ አየሩ በታጠበበት በመስከረም፣ ሩቁ ተራራ እጅ ሊነካው የሚችል ይመስላል። በበጋ ደግሞ አቧራውና ጢሱ ስለሚነሣ ተራራው ሰማያዊ ከመሆን ይልቅ ነጣ ብሎ አመድ ይመስላል። ጥሩ ሠዓሊ የወሩን ስም ሳይጽፍ በተራራው ጠርዝ ብቻ ያስነብባል።

መካከለኛው ሜዳ የሰው ሥራ ያለበት ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ ታሪክ የሚነግረን እርሱ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ ሸዋ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ መጥቶ ነው፤ የቆርቆሮ ጣራም በዚያው ዘመን እየበዛ የመጣ ነው። እንግዲህ አንድ ሻጭ «ይህ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሥዕል ነው» ብሎ ቢያቀርብና በኮረብታው ላይ ባሕር ዛፍ ተሰልፎ ቢታይ፣ ገዢው ገንዘቡን ወደ ኪሱ መልሶ በትሕትና ሊሰናበት ይችላል። አቧራም ይሁን የታጠነ ጢስ ሥዕልን አሮጌ ያስመስለዋል፤ ዛፍን ግን አያስረጀውም።

ከእግር ሥር ያለው ስፍራ ብዙ ጊዜ የሠዓሊው ትጋት የሚፈተንበት ነው። ሰነፍ ሠዓሊ ሰማዩንና ተራራውን በደስታ ሠርቶ፣ ከፊቱ ያለውን ምድር በአረንጓዴ ቀለም ይጠርገውና ያልፋል። እዚያ ላይ የጤፍና የገብስ ማሳ የማይለይ ከሆነ ሥዕሉ ቢያምርም ገና ጎደሎ ነው። ይህ የእኛ አስተያየት ነው፤ ሌላው ሰው ሌላ ሊል ይችላል።

በአገራችን መልክዐ ምድር ለብቻው የሥዕል ርእስ የሆነው በቅርብ ዘመን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን የሚሥሉት ቅዱሱን፣ ሥራውንና ተአምራቱን ስለ ሆነ፣ ከጀርባው ያለው ስፍራ ቀለም ብቻ ይሆናል፤ ተራራ ቢኖርም ታሪኩ ስለሚፈልገው እንጂ ተራራው ስላማረ አይደለም። በዐድዋ ጦርነት ሥዕልም ሁለቱ ሠራዊት ፊት ለፊት ተሰልፈው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስም ከላይ ሆኖ ይታያሉ፤ የዐድዋ ተራሮች ግን በዚያ ሁሉ መካከል እምብዛም ቦታ አላገኙም። ይህ የአሣሣል ልማድ እንጂ የችሎታ ጉድለት አይደለም።

ስለዚህ የቀድሞ አገራችንን መልክ የምናገኘው በይበልጥ ከውጭ በመጡ ሠዓልያን እጅ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በፈረንጅ ቁጥር በ1805 ወደ ትግሬ መጥቶ ያያቸውን አገሮች ሥሎ በ1809 በትልልቅ ሥዕል አሳትሟል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሳንደር በ1847 መጥቶ ከደጃዝማች ውቤ፣ ኋላም ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ኖረ። ከሁሉ ይልቅ ልናተኩርበት የምንወደው ግን ዮሐን ማርቲን ቤርናትስ ነው። ይህ ሠዓሊ የእንግሊዝ መንግሥት በካፒቴን ሀሪስ መሪነት ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ከላከው መልእክት ጋር ከ1841 እስከ 1843 ድረስ አብሮ ነበር። ከታጁራ ተነሥቶ፣ ከባሕር ወለል በታች ባለው በአሳል ሐይቅ ዳር አልፎ፣ የአፋርን በረሓ አቋርጦ እስከ አንኮበር ወጣ። መንገዱን ሁሉ እየሣለ ስለ ሄደ በ1852 ያሳተመው መጽሐፍ 48 ባለ ቀለም ሥዕሎች አሉበት፤ አንደኛው ክፍል የቆላው፣ ሁለተኛው ክፍል የሸዋ ደጋ ነው።

እነዚህን ሥዕሎች ተራ በተራ የሚያገላብጥ ሰው አየሩ እየተለወጠ ሲሄድ ያያል፤ በቆላው ምድሩ ነጭና ጥላ የለሽ፣ ሰማዩም የጋለ ብረት የሚመስል ሲሆን፣ ወደ ደጋው ሲወጣ ጉሙ፣ ጥዱና የቤቱ ሣር ክዳን ይመጣሉ። ያ ቤርናትስ ያየው የአንኮበር ቤተ መንግሥት ዛሬ ፍርስራሽ ነው። በሥዕሉ ላይ ግን ኮረብታው ነዋሪ አለው፤ ጢስ ይወጣል፤ መንገዱም ሰው ይሄድበታል። አፈወርቅ ተክሌ ከመወለዳቸው 90 ዓመት ያህል አስቀድሞ የትውልድ አገራቸው ምን ይመስል እንደ ነበረ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከዚህ ሥዕል የበለጠ ምስክር በቀላሉ አያገኝም። ይህን ስንል ቤርናትስ የእንግዳ ዓይን እንደ ነበረው አንዘነጋም፤ የአውሮፓ ሰው ገደልና ጭጋግ ይወድ ስለ ነበር ተራራውን አንዳንድ ጊዜ ከልኩ በላይ ሳያሾለው አልቀረም ብለን እንገምታለን።

በሌላው ዓለም ያለውን በአጭሩ እንለፈው። ቻይናዎች እንዲህ ያለውን ሥዕል «ተራራና ውሃ» ብለው ይጠሩታል፤ ከአውሮፓ ሠዓልያን ብዙ መቶ ዓመት ቀድመውም ከፍ ካለ ደረጃ አድርሰውታል። እንግሊዛዊው ኮንስተብል በ1821 እና በ1822 ሎንዶን አጠገብ ደመናን ብቻ እየሣለ በሥዕሉ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ይጽፍ ነበር። በ1841 ደግሞ ጆን ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ቀለምን በቆርቆሮ ቱቦ ማሸግን ፈለሰፈ። ቀድሞ ቀለም በአሳማ ፊኛ ይቋጠር ስለ ነበር ከቤት ይዞ መውጣት አስቸጋሪ ነበረ፤ ቱቦው ከመጣ በኋላ ግን ሠዓልያን ሁሉ ወደ ሜዳ ወጡ።

ወደ ራሳችን ሠዓልያን ስንመለስ፣ በፓሪስ ተምረው የመጡት አገኘሁ እንግዳ በአውሮፓ ትምህርት ቤት ከሠለጠኑት ከመጀመሪያዎቹ ሠዓልያን አንዱ ናቸው። አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምረው መጥተው በዚሁ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ የከተማውን የቆርቆሮ ጣራ ርእስ አድርገው በመሣላቸው «መልክዐ ምድር ማለት ተራራና ወንዝ ብቻ ነው» ለሚል ሰው በቂ መልስ ሰጥተዋል። ሥራዎቻቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው በተሰየመው ሙዚየም ይታያሉ። በቢሾፍቱ የነበሩት ለማ ጉያም በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል የታወቁ ነበሩ።

ወደ መግዛቱ እንለፍ። አንዳንድ ሰዎች ሥዕል የሚመርጡት ከመጋረጃው ቀለም ጋር እያስተያዩ ነው። መጋረጃው በሦስት ዓመት ይለወጣል፤ ሥዕሉ ግን ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ለጀማሪ ሰብሳቢ የምንመክረው አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ሳይገዛ እንዲያይ ነው። ብሔራዊ ሙዚየምን ይጎብኝ፤ የተማሪዎች የምረቃ ትርዒት በተከፈተ ጊዜ ይሂድ፤ ደጋግሞም ይመልከት። የታወቀውን ሠዓሊ ሥራ ለመግዛት ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገና ያልታወቀውን የወጣቱን ሥራ ግን መካከለኛ ደመወዝ ያለው ሹም እንኳ ሊገዛው ይችላል። ያ ገንዘብም ለወጣቱ ሠዓሊ የሚቀጥለው ዓመት ቀለምና ሸራ ይሆናል። አንድን አገር ወይም አንድን ርእስ መርጦ መሰብሰብም መልካም ነው። ለምሳሌ የአዲስ አበባን ዙሪያ ተራሮች፣ እንጦጦን፣ ወጨጫን፣ ፉሪንና የረርን ብቻ የሚሰበስብ ቤተ ሰብ ቢኖር፣ ከ20 ዓመት በኋላ በእጁ የሚገኘው የከተማ ታሪክ ነው።

እጅ ሥራውን ከኅትመት ለመለየት አጉሊ መነጽር ይበቃል። ኅትመት የሆነ እንደ ሆነ ቀለሙ በመደዳ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ሆኖ ይታያል። የብሩሹ መንገድ በጎን ብርሃን ሲታይ ከፍ ዝቅ ካለው የእጅ ሥራ ነው። የቤርናትስንና የሶልትን የመሳሰሉ የቀድሞ ኅትመቶች ግን ኅትመት ቢሆኑም ራሳቸው ቅርስ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከመጽሐፍ ተገንጥለው በየቅጠሉ ስለሚሸጡ፣ ወረቀቱ የተቈረጠ እንዳይሆን፣ ቀለሙም በኋላ ዘመን የተጨመረ እንዳይሆን መጠየቅ ያሻል። ሥዕሉን ገልብጦ ጀርባውን ሳያዩ መግዛት አይገባም፤ ስም፣ ዓመትና የቀድሞ ባለቤት ማኅተም የሚገኘው እዚያ ነው።

ከሻጩም ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል። በደረሰኙ ላይ የሠዓሊው ሙሉ ስም፣ የሥዕሉ ስም፣ ስፋቱና ቁመቱ፣ የተሠራበት ዓመት፣ የዘይት ቀለም ወይም የውሃ ቀለም መሆኑ ይጻፍ። ይህ ወረቀት ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጥ። ውርስ በሚከፈልበት ጊዜ ሥዕሉ እንደ አሮጌ ዕቃ ተቈጥሮ ከምንጣፍ ጋር ሲሸጥ የታየው ወረቀት ስላልነበረው ነው። ቅርስ የሆነውን ነገር ከአገር ማውጣት ያለ መንግሥት ፈቃድ የተከለከለ መሆኑን በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ስለሚደነግግ፣ ወደ ውጭ አገር ላለ ልጅ ሥዕል ለመላክ የሚያስብ ወላጅ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን መሥሪያ ቤት ይጠይቅ።

ስለ አያያዙ እመቤቶችን የምናሳስበው አለን። ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጤስበት ክፍል የተሰቀለ ሥዕል በጥቂት ዓመት ውስጥ ይጠቁራል። ቡናው ይቅር ለማለት አንደፍርም፤ ሥዕሉ ግን ከረከቦቱ ራቅ ብሎ ይሰቀል። የውሃ ቀለም የፀሐይን ብርሃን ፈጽሞ አይችልም፤ መስኮት ፊት ለፊት የዋለ እንደ ሆነ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ክረምት ሲገባ እርጥብ ግድግዳ ሻጋታ ስለሚያመጣ ከክፈፉ ጀርባ በታችኛው ጥግ ሁለት ቁራጭ ቡሽ ማስደገፍ አየር እንዲያልፍ ያደርጋል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ማራገፍ እንጂ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ወይም በሳሙና ማጠብ ሥዕሉን ማጥፋት ነው። ሸራውን ለጉዞ መጠቅለል ግድ ከሆነም ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ቱቦ ላይ ይጠቅለል፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ እየተጨማደደ ይሰነጠቃል።

ከተሠራው ሥዕል መግዛት ብቻ ሳይሆን ማሠራትም አለ። ቀድሞ መኳንንቱ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ሠዓሊ ይቀጥሩ እንደ ነበረ፣ ዛሬም የአባቱን ርስት፣ የተወለደበትን ቀበሌ ወይም ከሰገነቱ የሚያየውን ተራራ ፎቅ ሳይሸፍነው ለማሣል የሚሻ ባለቤት ቢኖር ጊዜውን አስቀድሞ ያስብ። አደይ አበባ የሚቆየው ከመስከረም እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ስለ ሆነ ሠዓሊውን በነሐሴ ማነጋገር ይገባል። በብሥራተ ገብርኤል ያለ ሰው ወጨጫን ማሣል ከፈለገ ደግሞ ሰዓቱን ይምረጥ፤ ተራራው በምዕራብ ስለ ሆነ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ፀሐይዋ ፊቱን ትመታዋለች፤ ሸለቆውና ማሳው አንድ በአንድ ይለያሉ። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ ከጀርባው ይሆንና ተራራው አንድ ጥቁር መስመር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚወድ ባለቤቱ ከሠዓሊው ጋር በሰገነቱ ላይ አንድ ቀን ውሎ ይወስን።